የአንዲት ክንድ ሸክም

ሌሊት በመብራት ሥር ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያሰናዳ ተማሪ፣ ወይም የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት የተጣደፈ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አንዲት ፋይል በጠራ ጊዜ መስኮቱ ነጥቶ ቢቀርበት፣ የማውሱም ቀስት ወደ ክብ ተለውጣ ያለ ማቋረጥ ብትሽከረከርበት፣ ከመሣሪያው ሆድ ውስጥም ነቀዝ እህል ሲቦረቡር የሚያሰማውን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ቢሰማ፣ የነገሩን ምክንያት ለማወቅ «ታስክ ማናጀር» የተባለውን ሰሌዳ ይከፍታል፤ በዚያም «ዲስክ» ከሚለው ቃል በላይ 100% የሚል ቁጥር ቀለሙ ደምቆ ይጠብቀዋል። ፕሮሰሰሩ ከኀይሉ ዐሥረኛውን እንኳ ሳይሠራበት፣ ሰውየውም አንዲት ቃል ሳይጽፍ፣ ዲስኩ ብቻውን ዕረፍት ዐጥቶ ይደክማል፤ ደቂቃው ወደ ሩብ ሰዓት ይረዝማል፤ የሰውየውም ትዕግሥት ያልቃል።

ይህ የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ «ላፕቶፔ ሃንግ አደረገ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ ጠጋኙም ብዙውን ጊዜ ሳይመረምር «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ይፈርዳል። እኔም በገዛ ላፕቶፔ ላይ ሁለት ጊዜ ይህን ፍርድ ተቀብዬ፣ በመጀመሪያው ጊዜ የሦስት ሳምንት ዕፎይታ ብቻ አግኝቼ፣ በሁለተኛው ጊዜ ግን የብዙ ዓመት ማስታወሻዎቼን ካጣሁ በኋላ፣ የዚህን ደዌ ጥንተ ነገር ለመመርመር ተነሣሁ። ምርመራውም ያስተማረኝ፣ ደዌው በእኔ ጠረጴዛ ላይ የተወለደ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ከስድሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚዘልቅ የዘር ሐረግ ያለው መሆኑን ነው፤ ሐረጉንም እየተከተለ የሄደ ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው ከአንዲት የብረት ክንድ ዘንድ ነው። የዚህችን ክንድ ታሪክ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ሃርድ ዲስክ ሳይፈጠር፣ የሒሳብ መሣሪያዎች መዝገባቸውን የሚያኖሩት በተበሱ የካርቶን ካርዶች ወይም በማግኔት ቴፕ ላይ ነበር። የቴፕ ጠባይ የብራና ጥቅልል ጠባይ ነው፤ በጥቅልሉ መጨረሻ የተጻፈውን ለማንበብ የሚሻ ሰው መጀመሪያውንና መካከሉን ሁሉ መተርተር ግድ እንደሚሆንበት፣ በቴፕም ላይ የአንድ ደንበኛን ሒሳብ የሚፈልግ መሣሪያ ከእርሱ በፊት የሰፈሩትን ደንበኞች ሁሉ ማሳለፍ ነበረበት። ከዚህም የተነሣ ነጋዴውና ባንከኛው የየዕለቱን ጉዳይ ወዲያው መዝግበው ወዲያው ማየት ስለማይቻላቸው፣ ካርዱን እያከማቹ ሳምንቱ ወይም ወሩ ሲያልቅ በአንድነት ያስቆጥሩት ነበር፤ በዕቃ ቤታቸው ያለውን የዕቃ ልክ የሚያውቁትም ዕቃው ተሸጦ ካለቀ በኋላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ያስፈልጋቸው የነበረው ጥቅልል ሳይሆን፣ አንባቢው የፈለገውን ቅጠል ገልጦ የሚያነብበት መጽሐፍ ነው።

ይህን መጽሐፍ የማዘጋጀቱ ዕድል የደረሰው፣ በካሊፎርኒያ ምድር፣ በዚያን ዘመን በፍራፍሬ አትክልቷ ትታወቅ በነበረችው በሳን ሆዜ ከተማ፣ አይቢኤም የተባለው ኩባንያ በ1952 ለከፈተው ቤተ ሙከራ ነው። የቤተ ሙከራው አለቃ ሬይኖልድ ጆንሰን ይባላል፤ ቀድሞ በሚሺጋን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረና፣ የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት በእርሳስ ምልክቱ እያነበበ ውጤት የሚሰጥ መሣሪያ በመፈልሰፉ ወደ ኩባንያው የተጠራ ሰው ነበር። ከእርሱ ጋራ የተሰለፉት መሐንዲሶች ካርዱን በሚሽከረከር ሰሌዳ ለመተካት ሲነሡ ከገጠሟቸው ችግሮች አንዱ፣ የብረት ዝገት የተቀላቀለበትን የማግኔት ቀለም በአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ያለ ጉብታና ያለ ጎድጓዳ እኩል ማልበስ ነበር። ለዚህም ያገኙት ዘዴ ቀለሙን በሐር ካልሲ አጣርቶ፣ በወረቀት ኩባያ ለክቶ፣ በሚሽከረከረው ሰሌዳ መካከል ላይ ማፍሰስ ሆነ፤ ሰሌዳውም በመሽከርከሩ ኀይል ቀለሙን ከመካከል ወደ ዳር እያሸሸ ራሱን በራሱ ቀባ። ታላቅ ጥበብ ከትሑት ዕቃ መጀመሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእኛም አበው ዘመናትን ያሻገሩበት ብራና የፍየል ቆዳ፣ ቀለሙም ጥላሸት ነበር።

በሴፕቴምበር 1956 ለሕዝብ የተገለጠው መሣሪያ ራማክ 305 ተባለ፤ ዲስኩን የያዘው ክፍልም 350 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ክብደቱ ከአንድ ቶን በሚበልጠው በዚህ ክፍል ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ጎን 61 ሴንቲሜትር የሚሰፉ 50 ሰሌዳዎች በአንድ ምሰሶ ላይ ተደራርበው በደቂቃ 1,200 ዙር ይሽከረከሩ ነበር። ሁሉም ተደምረው 5 ሚሊዮን ፊደላትን ይይዛሉ፤ ይህም በዛሬ መስፈሪያ 3.75 ሜጋባይት ያህል፣ በእጅ ስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ የምትወስደው ስፍራ ማለት ነው። ኪራዩ በወር 3,200 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዋጋም የሚከራዩት ኩባንያዎች አልጠፉም፤ ምክንያቱም መዝገቡን ገልጦ የማንበብ ጥበብ በእጃቸው የገባው ያን ጊዜ ነውና።

ነገር ግን እነዚህን 50 ሰሌዳዎች የምታገለግለው አንዲት ክንድ ብቻ ነበረች። ክንዲቱ በጫፏ ሁለት የማንበቢያና የመጻፊያ ራሶችን ይዛ፣ መጀመሪያ ካለችበት ሰሌዳ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ቀጥላ ወደ ተፈለገው ሰሌዳ ከፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትጓዛለች፤ ከዚያም በሰሌዳዎቹ መካከል ገብታ መዝገቡ የተጻፈበትን ፈለግ ታገኛለች፤ ይህም ሁሉ በአማካይ 600 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ከአንድ ሰከንድ ግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባታል። ካርድ ሲለቅም ውሎ ለሚያመሽ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ ፍጥነት ተአምር ነበር። ሆኖም አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የተናገሩት ቃል በዚህ መሣሪያ ላይ ቁጥሩ ሳይቀር ተፈጽሞ ይገኛል፤ ሃምሳው ሰሌዳ የአንዲት ክንድ ሸክም ሆኗልና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው የዲስክ ታሪክም፣ በአንድ ወገን ይህን ሸክም ለማቅለል የተደረገው ተጋድሎ፣ በሌላ ወገን ደግሞ በሸክሙ ላይ ሸክም የመጨመር ልማድ ታሪክ ነው።

የራማክ ዝና ፈጥኖ ተሰማ። በ1958 በብራስልስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ፣ ስለ ዓለም ታሪክ ለሚጠይቁት ጎብኚዎች በዐሥር ቋንቋ መልስ ሲሰጥ ታየ፤ በ1959 የሶቪየት ኅብረት መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ አሜሪካን ሲጎበኙ ከደረሱባቸው ስፍራዎች አንዱ የሳን ሆዜው የአይቢኤም ፋብሪካ ነበር። በ1961 ኩባንያው 1301 የተባለውን ዲስክ ሲያወጣ ግን የክንዲቱን ብቸኝነት ተመልክቶ፣ ለእያንዳንዱ የሰሌዳ ገጽ የየራሱን ራስ ሰጠው፤ ቀድሞ በታመቀ አየር እየተነፉ ከሰሌዳው እንዲርቁ ይደረጉ የነበሩት ራሶችም፣ ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ሲሽከረከር በሚያስነሣው ነፋስ ላይ እንደ ጭልፊት የሚንሳፈፉ ሆኑ። ክንዶቹ በዙ፤ ነገር ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በአንድ እጀታ የታሰሩ ስለ ሆኑ፣ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳሉ፣ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ፤ በአንድ ጊዜም ወደ ሁለት ልዩ ልዩ ፈለጎች መሄድ አይቻላቸውም። እንግዲህ ክንዲቱ በመልክ ብትበዛም በግብር አንዲት ሆና ቀረች፤ በላፕቶፓችን ውስጥ ያለችውም የዚህች ማበጠሪያ ልጅ ናት።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የማሳነስ ዘመን ነው። በ1973 በኬኔት ሆተን መሪነት የተሠራውና «ዊንቸስተር» በሚል ቅጽል የታወቀው 3340፣ ሰሌዳውንና ራሶቹን ትቢያ በማይገባበት ማኅደር ውስጥ በአንድነት ዘጋቸው፤ ዛሬም ሃርድ ዲስክ ሁሉ እንዲህ ታሽጎ ይኖራል፤ ያለ ጥንቃቄ የሚከፍተውም ሰው ያጠፋዋል። አለን ሹጋርትና ባልደረቦቹ የመሠረቱት፣ በኋላ ሲጌት የተባለው ኩባንያ፣ በ1980፣ 5 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ በግል ኮምፒውተር ውስጥ በሚገባ መጠን ሠራ፤ በ1983 የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት ይዞ ወደ መሥሪያ ቤቶች ገባ፤ በ1988 ደግሞ ፕሬሪቴክ የተባለ ኩባንያ 20 ሜጋባይት የሚይዘውን፣ ሁለት ኢንች ተኩል የሆነውን ዲስክ አቀረበ፤ የላፕቶፕ ዲስክ መጠን ከዚያ ወዲህ ይኸው ሆኖ ጸና። አልበር ፌርና ፔተር ግሩንበርግ በ1988 ያገኙት፣ በ2007 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው የማግኔት ምሥጢር፣ በ1997 በማንበቢያ ራሶች ላይ በሥራ ሲውል የመዝገቡ ጽሕፈት እጅግ ደቀቀ፤ የሰሌዳውም ይዞታ ያለ መጠን በረከተ፤ በ2007 ሂታቺ 1 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ሸጠ።

አሁን አንባቢዬ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ቢያኖር የደዌውን የመጀመሪያ ምንጭ ያገኘዋል። ከ3.75 ሜጋባይት እስከ 1 ቴራባይት ያለው ርቀት ከ260,000 እጥፍ ይበልጣል። ክንዲቱስ? የተለመደው የላፕቶፕ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ዙር፣ በሰከንድም 90 ዙር ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ የተፈለገው ስፍራ ከራሱ በታች እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ ይጠበቃል፤ በዚያ ላይ ክንዲቱ ከፈለግ ወደ ፈለግ የምትሄድበት 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲጨመር፣ አንድ ጥያቄ 17 ወይም 18 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። እንግዲህ ከ600 ሚሊሰከንድ ወደ 17 ስንወርድ ክንዲቱ የፈጠነችው 35 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ጎተራው 260,000 ጊዜ ሲሰፋ፣ እህሉ የሚወጣበት አፍ 35 ጊዜ ብቻ ሰፋ ማለት ነው። ብረት ክብደት ስላለው፣ ክብደት ያለውም ነገር ለመነሣትና ለመቆም ጊዜ ስለሚሻ፣ የመሐንዲሶቹ ትጋት ከዚህ አላለፈም፤ ጽሕፈትን ማድቀቅ እንጂ ብረትን ክብደት ማሳጣት አልተቻላቸውምና።

የደዌው ሁለተኛ ምንጭ የሚገኘው ከአትላንቲክ ወዲህ፣ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ በ1962 የተመረቀው፣ በቶም ኪልበርን መሪነት የተሠራው አትላስ የተባለ ኮምፒውተር፣ 16,000 ያህል ቃላት የሚይዝ ፈጣን ሚሞሪና፣ 96,000 ያህል ቃላት የሚይዝ የዘገየ የሚሽከረከር ከበሮ ነበረው። ኪልበርንና ባልደረቦቹ ሁለቱን በአንድ ሥርዐት አስተባብረው፣ ፕሮግራሙ ሰፊ ሚሞሪ ያለው መስሎት እንዲሠራ፣ በውስጥ ግን የማያስፈልገው ገጽ ወደ ከበሮው እየወጣ የሚያስፈልገው ወደ ሚሞሪው እንዲገባ አደረጉ። ይህ ጥበብ በኋላ በዲስክ ላይ ተተክሎ፣ ዛሬ በየላፕቶፑ ይገኛል፤ ራም የተባለው ሚሞሪ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስኩ ያወጣዋል፤ ሲፈለግም ይመልሰዋል። በትንሽ ገበታ ላይ ብዙ መጽሐፍ የሚመለከት ሊቅ፣ ገበታው ሲጠብበው አንዱን ወደ መደርደሪያ መልሶ ሌላውን እንደሚያነሣ ያለ ነው።

ገበታው እጅግ ጠባብ፣ መጽሐፉም እጅግ ብዙ ሲሆን ግን ሊቁ ከማንበብ ይልቅ በመመላለስ ብቻ ይውላል። በ1960ዎቹ በብዙ ሰዎች መካከል የሚከፋፈሉት ትልልቅ ኮምፒውተሮች በዚህ ሁኔታ ሥራቸው በድንገት ይቆምባቸው ነበር፤ ጥቂት ተጠቃሚዎች ሲኖሩ ፈጥነው የሚሠሩት፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሲጨመር ይሽመደመዳሉ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረው ፒተር ዴኒንግ በ1968 ባቀረበው ጥናት የዚህን ነገር ምክንያት ገልጦ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየጊዜው ከእጁ የማይለያቸው ገጾች እንዳሉት፣ እነዚህም ገጾች በሚሞሪ ውስጥ ስፍራ ካላገኙ ኮምፒውተሩ በውኃ ውስጥ እንደሚንፈራገጥ ሰው ኀይሉን ሁሉ ባለበት እንደሚጨርስ አስረዳ። መድኀኒቱም ሁለት ብቻ መሆኑ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ወይ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች መቀነስ፣ ወይ ሚሞሪውን መጨመር። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሃያ የኢንተርኔት ገጾችን፣ የጽሑፍ ፕሮግራምንና የስብሰባ ፕሮግራምን በአንድነት የሚከፍት ሰው፣ ዴኒንግ የጻፈውን መንፈራገጥ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ያየዋል።

ሦስተኛው ምንጭ በስውር የሚሠሩ አገልጋይ ፕሮግራሞች መብዛት ነው። ማይክሮሶፍት በ2001 ባወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮግራሞች ፈጥነው እንዲከፈቱ የሚያዘጋጅ አገልጋይ ጨመረ፤ በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታም ይህ አገልጋይ አድጎ «ሱፐርፌች» ተባለ፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን አስቀድሞ ገምቶ ከዲስክ ወደ ሚሞሪ የሚያመጣ፣ በኋላም «ሲስሜይን» ተብሎ ስሙ የተለወጠው ነው። ፋይሎችን ሁሉ እያነበበ የፍለጋ ማውጫ የሚያዘጋጅ ሌላ አገልጋይም በቪስታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ዝማኔው በራሱ ፈቃድ ይወርዳል፣ ጸረ ቫይረሱ በየጊዜው ይፈትሻል፣ ስለ መሣሪያው አጠቃቀም የሚዘግበው አገልጋይም ይሠራል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ በጎ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ኖሮት የተፈጠረ አንድም የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለዚያችው ለአንዲት ክንድ ነው። ቀድሞ ሰሌዳው ሃምሳ ሎሚ ነበረ፤ አሁን ደግሞ ሎሚ አሸካሚው በዛ።

የ100% ቁጥርም ትርጉም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ ዲስኩ በፋይል የሞላ፣ ወይም እጅግ ብዙ መረጃ የሚያሳልፍ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው ዲስኩ ከጊዜው ስንቱን እጅ በሥራ እንዳሳለፈ ነው እንጂ የሠራውን ሥራ ብዛት አይደለም። ክንዲቱ አንዱን ጥያቄ በ17 ሚሊሰከንድ የምትፈጽም ከሆነ በአንድ ሰከንድ ከስድሳ የማይበልጡ ጥያቄዎችን ታስተናግዳለች፤ ጥያቄዎቹም በሰሌዳው ላይ ወዲያና ወዲህ የተበተኑ ትንንሽ ቁራጮች ከሆኑ፣ ድምራቸው አንድ ሜጋባይት እንኳ ሳይሞላ ጊዜዋ ሁሉ ያልቃል፤ ያው ዲስክ ግን አንድ ትልቅ ፊልም በቅደም ተከተል ቢያነብ በሰከንድ መቶ ሜጋባይት ያህል ሊያሳልፍ ይችላል። የገዳም መጋቢ፣ መቶ ቁና እህል በአንድ ጊዜ ለሚወስድ ሰው ፈጥኖ አስፍሮ ሲሸኝ፣ አንዱ ጨው፣ ሌላው ጧፍ፣ ሦስተኛው ዕጣን ከየማዕዘኑ ቢጠይቁት ግን ጥቂት ሰጥቶ ብዙ እንደሚደክም ማለት ነው። ይህን ድካም በ2012 የወጣው የዊንዶውስ 8 አዲሱ ታስክ ማናጀር በደማቅ ቀለም ለተጠቃሚው ዐይን ገለጠው፤ ከዚያ በፊትም ድካሙ ነበረ፤ ስም ግን አልነበረውም።

ከዚህ ታሪክ የፈውሱ ሥርዐት ራሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ሥራ ሎሚውን የሚያሸክመው ማን እንደ ሆነ መለየት ነው፤ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ «ዲስክ» የሚለውን አርእስት ሲጫኑት አብዝተው የሚጠይቁት ፕሮግራሞች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ «ሪሶርስ ሞኒተር» የተባለው ሰሌዳ ደግሞ የሚነበቡትን ፋይሎች በየስማቸው ያሳያል። ላፕቶፑ ገና የተከፈተ ወይም ብዙ ቀን ተዘግቶ የቆየ ከሆነ፣ ዝማኔውና የፍለጋ ማውጫው ሥራቸውን እስኪጨርሱ መታገሥ ብቻ ይበቃል። ሚሞሪው ሞልቶ ከተገኘ መድኀኒቱ ዴኒንግ የነገረን ነው። ከኮምፒውተሩ ጋራ አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ማስቀረት፣ በዘገየ ዲስክ ላይ ሲስሜይን አብዝቶ ከታየም እርሱን ማቆም፣ የክንዲቱን ሸክም ያቃልላል። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን፣ ዲስኩና ሲስተሙ መልእክት በሚለዋወጡበት መንገድ ላይ ያለ ስሕተት ሆኖ፣ ጥያቄ ሳይኖር 100% እንደሚታይ ማይክሮሶፍት ራሱ ገልጦ መፍትሔውን አውጥቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ግን የሰሌዳው እርጅና ነው። የተጎዳ ስፍራ ላይ የደረሰች ክንድ በአንድ ዙር ያላነበበችውን በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በብዙኛው ዙር እየደገመች ስለምትሞክር፣ ሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ ከኋላዋ ተሰልፈው ይቀራሉ፤ ቁጥሩም 100 ላይ ይቆማል። ዲስኩ «ስማርት» በሚባለው መዝገብ ስለ ራሱ ጤንነት ይመሰክራል፤ መዝገቡን የሚያነብቡ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ፤ የተጎዱና የተተኩ ስፍራዎች ቁጥር እያደገ ከሄደ፣ አስቀድሞ ፋይሎችን ወደ ሌላ ስፍራ መቅዳት እንጂ በደከመው ዲስክ ላይ የጥገና ሥራ መጫን አይገባም። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አያሌ የላፕቶፕ ዲስኮችም ይዞታቸውን ለማስፋት ፈለጎቻቸውን እንደ ጎጆ ክዳን ሣር አንዱን በሌላው ላይ የሚያደራርቡ ስለ ሆኑ፣ የታችኛውን ለመለወጥ የላይኞቹን አንሥቶ እንደ ገና መክደን ግድ ይላቸዋል፤ ጽሕፈት ሲበዛባቸውም እጅግ ይዘገያሉ። ፎርማት ማድረግ ለእነዚህ ደዌዎች ፈውስ አይደለም፤ አገልጋዮቹን ለጊዜው በትኖ ያሳርፋል፤ የደከመችውን ክንድ ግን አያድሳትም፤ የባለቤቱንም መዝገብ ይደመስሳል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ አገራችን ሰው ነው። እኅት ከዓረብ አገር፣ ወንድም ከአሜሪካ የሚልኩት ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ዓመታት ያገለገለ ነው፤ ሲገዛም ሰው የሚጠይቀው «ስንት ጊጋ ይይዛል?» ብሎ ስለ ጎተራው ስፋት ነው እንጂ፣ ስለ አፉ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በውስጡ የሚቀመጠው ግን የአንድ ቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፣ የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ድካም፣ የአንድ ማኅበር የዕድር መዝገብ ነው። እንዲህ ያለውን መዝገብ ለፎርማት አሳልፎ ከመስጠት በፊት አንድ ሰዓት መመርመር፣ ለመርማሪውም ሆነ ለባለቤቱ ተገቢ ነው።

ክንዲቱን ከሸክሟ ፈጽሞ ያሳረፈው ጥበብ የተጠነሰሰው በጃፓን ነው። በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ፍላሽ ሚሞሪን በ1984፣ ናንድ የተባለውን ዓይነት ደግሞ በ1987 ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ፤ በ1991፣ በኋላ ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ፣ ከፍላሽ ሚሞሪ የተሠራና 20 ሜጋባይት የሚይዝ፣ ኤስኤስዲ የተባለ የመዝገብ ማኖሪያ በ1,000 ዶላር ገደማ ለአይቢኤም ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እጅግ ወርዶ፣ ዛሬ ያረጀ ላፕቶፕን ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት ጠጋኞች ሊያደርጉ ከሚችሉት ሁሉ የላቀ ፈውስ ሆኗል። ኤስኤስዲ ሰሌዳም ክንድም የለውም፤ የሚሄድ ነገር ስለሌለም ጥያቄውን በአንድ ሚሊሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል፤ ይኸውም ከላፕቶፕ ዲስክ ክንድ መቶ እጥፍ በላይ ይፈጥናል።

እኔም በመጨረሻ ይህንኑ አደረግሁ፤ የስማርትን መዝገብ አስነብቤ ዲስኩ ማርጀቱን ካረጋገጥሁ በኋላ፣ የቀረችኝን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ አሻግሬ አዲሱን ኤስኤስዲ አስገባሁ። የወጣውን አሮጌ ዲስክ ግን አልጣልሁትም። በማውንቴን ቪው ከተማ፣ በኮምፒውተር ታሪክ ቤተ መዘክር፣ ባለሙያዎች ያደሱት አንድ የራማክ ዲስክ እንዳለ፣ ክንዲቱም ለጎብኚዎች ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ ስትመላለስ እንደምትታይ ባነበብሁ ጊዜ፣ የእኔን ዲስክ ከመሳቢያው አውጥቼ በእጄ መዘንሁት። በውስጡ የታሸገችው ክንድ ከዚያችኛው ታላቅ እኅቷ ጋራ በሥራ አንዲት ናት። ባስቸገረችኝ በዚያ ረጅም ሌሊትም አልሰነፈችም ነበር፤ በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ያህል እየተነሣችና እየወደቀች፣ እኔ የጫንሁባትንና እኔ የማላውቃቸው የጫኑባትን ሁሉ ተራ በተራ ታነሣ ነበር።